ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሽቦ የማን ነው?



ስለ ሆስፒታልና ስለ መብራት ሲነሳ የሁላችንም ጣት የሚቀሰረው ወደ መብራት ኃይል ነው። መብራት ጠፋ፣ ትራንስፎርመር ተቃጠለ፣ ምሰሶ ወደቀ እንላለን። ወቀሳው አግባብ አለው። ለዓመታት ኤሌክትሪክ ያስተማርኩ በወላይታ ዞን የሁምቦ ጠበላ ነዋሪ እንደመሆኔ ግን፣ እምብዛም ስለማይነሳው ሌላው ግማሽ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። እሱም ከቆጣሪው ወዲህ፣ በሆስፒታሉ ግድግዳ ውስጥ ያለው መስመር ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ የሆስፒታል የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ለሌለው ሰው መሰጠት የለበትም፤ ሥራው ሲያልቅም ተፈትሾ በፊርማ ካልተረጋገጠ ርክክብ መደረግ የለበትም።

ወላይታ ከኃይል የራቀ አገር አይደለም። በወላይታና በዳውሮ መካከል ኦሞን የገደበው ጊቤ 3፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። በጠቅላላው ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለውና ኬንያ ውስጥ የሚያበቃው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመርም የሚነሳው ከጎረቤታችን ከሶዶ ነው። ይህ ሁሉ ብረትና ሽቦ ግን ሆስፒታሉ ውስጥ ያሉት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ከተበላሹ አልጋ ላይ ለተኛው ሰው የሚፈይደው ነገር የለም።

አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። በቀዶ ሕክምና ያዋልዳል፣ ደም ይሰጣል፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ያሞቃል፣ ክትባትን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ያቆያል። ሕንፃው ሲሠራ ያልታሰቡ መሣሪያዎችም ከጊዜ ወደ ጊዜ ይጨመራሉ፤ ዛሬ የኦክስጅን ማሽን፣ ነገ አውቶክሌቭ፣ ከነገ ወዲያ ኤክስሬይ። ሶኬት ሲያጥር ኤክስቴንሽን ይዘረጋል። ብሬከር እየወደቀ ሲያስቸግር በትልቅ ብሬከር ይተካል። ተማሪዎቼን ከሁሉ አስቀድሜ የምከለክላቸው ይህንን የመጨረሻውን ነበር። ብሬከር የተቀመጠው ሽቦውን ሊጠብቅ ነው፤ ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩን ማሳደግ ሽቦው በግድግዳው ውስጥ እየጋለ እንዲነድ መፍቀድ ነው።

ጄኔሬተርም ስለተገዛ ብቻ መፍትሔ አይሆንም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለሕክምና ክፍሎች ባወጣው ደረጃ መሠረት፣ መስመሩ ሲቋረጥ የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ መብራት በግማሽ ሴኮንድ፣ የአደጋ ጊዜ መብራትና ሌሎች አስፈላጊ አገልግሎቶች ደግሞ በ15 ሴኮንድ ውስጥ መመለስ አለባቸው። በግማሽ ሴኮንድ የሚመልሰው ባትሪ ነው፤ በ15 ሴኮንድ የሚመልሰው ራሱ መስመር የሚቀይርና ራሱ የሚነሳ ጄኔሬተር ነው። የጄኔሬተሩ ቁልፍ ያለው ዘበኛው ኪስ ውስጥ ከሆነ፣ ዘበኛው ተፈልጎ እስኪመጣ የሚያልፈው ጊዜ በሴኮንድ አይቆጠርም። ሾልኮ የወጣውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው የምድር ሽቦም እንዲሁ ስለተዘረጋ ብቻ መፍትሔ አይሆንም። የተኛው ታካሚ ቆዳው እርጥብ፣ አካሉ በመሣሪያ የተያያዘ፣ ንዝረት ሲሰማው እጁን መሰብሰብ የማይችል ሊሆን ይችላል። ጤነኛ ሰው አስደንግጦ የሚለቀው ኤሌክትሪክ እሱን ሊገድለው ይችላል። የሶላር ፓነል ይተከልልን የሚሉም አሉ፤ መልካም ነው። የሶላሩ ኃይል የሚሄደው ግን በዚያው በአሮጌው ሽቦ ነው።

ይህን ሟርት አድርጎ የሚወስድ ቢኖር ሴኔጋልን ያስታውስ። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ቲቫዋን በተባለች ከተማ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተቃጥሎ 11 አራስ ልጆች ሞቱ። መነሻው የኤሌክትሪክ ሾርት ነው ተባለ። የጤና ሚኒስትሩ ወዲያው ከሥልጣናቸው ተነሱ። ኦክስጅን በሚፈስበት ክፍል ውስጥ አንዲት ብልጭታ ምን እንደምትሠራ ለማወቅ የእኛ ልጆች እስኪቃጠሉ መጠበቅ የለብንም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ወጥቷል፤ ለኤሌክትሪክ ባለሙያዎችና ሥራ ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጥ አካልም አለ፤ ይህ ኃላፊነት ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። የአገሪቱ የሕንፃ ኮድ 10ኛ ክፍልም ሙሉ በሙሉ ስለ ሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚናገር ነው። ክፍተቱ ያለው ግዢው ላይ ነው። አዲስ ሕንፃ ሲገነባ ፈቃድ ይጠየቃል። የጥገና ሥራ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ይወስደዋል፤ ሠሪው ማን እንደሆነ፣ ሽቦው ስንት ካሬ እንደሆነ፣ የምድር ሽቦው ይለካ አይለካ የሚጠይቅ የለም። የሙያ ፈቃድ የሌላትን ነርስ የማይቀጥር ሆስፒታል፣ ያንኑ ታካሚ ለሚነካው ሽቦ ፈቃድ የሌለውን ሰው ማስገባቱ ሊገባኝ አልቻለም።

«ፈቃድ ያላቸው ተቋራጮች አዲስ አበባ ናቸው፣ ዋጋቸውም አይቀመስም፤ ሌሊት ብሬከር ሲወድቅ የሚደርስልን የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ነው» የሚል መከራከሪያ አለ። እውነት አለው። የሰፈራችን ልጆች ብዙዎቹ እጃቸው የተባረከ ነው፤ አንዳንዶቹን እኔው አስተምሬአቸዋለሁ። መልሱ እነሱን ማባረር ሳይሆን የብቃት ምዘናውን ወስደው ወረቀቱን እንዲይዙ መርዳት ነው። ሶዶ ላይ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም አሉን። ዋጋውን በተመለከተ ደግሞ፣ እያንዳንዱ ሆስፒታል ለየብቻው ከሚዋዋል የዞኑ ሆስፒታሎች ተሰባስበው ከአንድ ብቁ ተቋራጭ ጋር የዓመት ውል ቢገቡ ወጪውን ይካፈሉታል። ሆስፒታሎች የውስጥ ገቢያቸውን እንዲጠቀሙ ተፈቅዶላቸዋል፤ በጀቱን የሚያጸድቅ ቦርድም አላቸው። ከቀለምና ከአጥር በፊት የምድር ሽቦ ልኬት ቢቀድም ሕዝቡ አይቃወምም።

እናም የዞናችን የጤና መምሪያና የሆስፒታል ቦርዶች ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ጥገና ሲወጣ የሠሪው የብቃት ማረጋገጫ ከፕሮፎርማው ጋር ይያያዝ፤ የሌለው በርካሽነቱ አይመረጥ። ሁለተኛ፣ የምድር ሽቦው፣ የብሬከሮቹና የጄኔሬተሩ ፍተሻ በየዓመቱ ተደርጎ ውጤቱ እንደ ሒሳብ ሪፖርት ለቦርዱ ይቅረብ። ሦስተኛ፣ በየፈረቃው አንድ ተረኛ ኤሌክትሪሺያን ይኑር፤ የትኛውን ሥራ ራሱ እንደሚሠራ፣ የትኛውን ለተቋራጩ እንደሚተው በጽሑፍ ይወሰንለት።

አንድ ነገር ልጨምር። የሆስፒታል ምርቃት ላይ ሪባን መቁረጥ ልማዳችን ነው፤ ይቆረጥ። ከሪባኑ በፊት ግን በእንግዶቹ ፊት ዋናው ብሬከር ይውረድ፤ ባለሥልጣናቱም ሰዓታቸውን አይተው ይቁጠሩ። 15 ሳይሞላ የሕፃናቱ ክፍል መብራት ከተመለሰ እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ። ካልተመለሰ መቀሱ ይቀመጥና ተቋራጩ ይጠራ።


አንባቢያችሁ፣ ከሁምቦ ጠበላ