ካርዱን የገዛ፣ ቁልፉንም ገዝቷል

ከኦክላንድ ተነሥቶ አላሜዳ ካውንቲን ወደ ደቡብ ያቋረጠ መንገደኛ፣ ከሳን ሆዜ አጠገብ ሳንታ ክላራን ያገኛል፤ በ1993 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኤንቪዲያ ዋና መሥሪያ ቤት በዚያ ይገኛል።

አንድ ኮምፒውተር በሶፍትዌር አማካይነት በውስጡ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር ሊያስተናግድ ይችላል። ይህ እንግዳ ግን ከባድ የምስል ሥራ ሲገጥመው አቅም ያንሰዋል። መፍትሔው እውነተኛውን የግራፊክስ ካርድ በቀጥታ ለእርሱ መስጠት ነው።

ይሁንና የኩባንያው ጂፎርስ ካርዶች ድራይቨር፣ በምናባዊ ዊንዶውስ ውስጥ መሆኑን ሲያውቅ «ኮድ 43» የተባለ ስሕተት አሳይቶ ሥራውን ያቆም ነበር። ኩባንያው ይህን አገልግሎት የሚደግፈው ውድ በሆኑት የባለሙያ ካርዶቹ ነበር። በማርች 2021 እ.ኤ.አ. አዲስ ድራይቨር አውጥቶ ሲፈቅድ፣ ያው ካርድ አንዳች ሳይጨመርበት ሠራ። እክሉ ከብረቱ እንዳልነበረ በዚህ ታወቀ።

ሻጭ ላልፈተነው አገልግሎት ኃላፊነት አልወስድም ማለት ይችላል፤ ገዢውን መከልከል ግን ሌላ ነገር ነው። በኦክላንድም ሆነ በአዲስ አበባ ሁለተኛ ኮምፒውተር የመግዛት አቅም ለሌለው ተማሪ፣ እንዲህ ያለው ክልከላ ሁለተኛ ክፍያ ነው። ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ቁልፉ በሻጩ ኪስ ሊቀር አይገባም።