ስጦታው ለሰውየው ነበር ወይስ ለወንበሩ?

የሱዳን ህዝብ አደባባይ የወጣው በዳቦ ነው። እ.ኤ.አ በዲሴምበር 2018 አንድ ፓውንድ የነበረው ዳቦ ሦስት ሲገባ አትባራ ተነሳች። በዚያው ሰሞን ባንኮች ጥሬ ገንዘብ አጥሯቸው፣ ሰራተኛው የገዛ ደመወዙን ለማውጣት ተሰልፎ ይውል ነበር። በኤፕሪል 2019 ኦማር አል-በሽር ከስልጣን ሲወርዱ ግን መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ዩሮ ተገኘ፤ ዶላሩና የሱዳን ፓውንዱ ሳይቆጠር!

ከገንዘቡ በላይ የሚገርመው መልሳቸው ነው። ከሳዑዲው አልጋ ወራሽ 25 ሚሊዮን ዶላር መቀበላቸውን አልካዱም። ስጦታ ነው፣ ለግሌ አላዋልኩትም፣ ለእርዳታ ሰጠሁት አሉ። 30 ዓመት በሸሪዓ ስም የገዛ ሰው ይህን ሲል ያሳፍራል። ዘካ ሰብስቦ የተመለሰው ሹም የተወሰነውን «ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ» ብሎ በለየ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናትና አባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደነበር መጠየቃቸውን መድረሳ የገባ ልጅ ሁሉ ያውቃል። በሽር ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ቢቀመጡ 25 ሚሊዮን ዶላር የሚልክላቸው ማን ነበር?

ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2019 ጥፋተኛ ብሎ ገንዘቡን ወረሰ። ቅጣቱ ሁለት ዓመት፣ እሱም በማረሚያ ተቋም ነው፤ እድሜያቸው ከ70 በላይ ስለሆነ ህጉ እስር ቤት አያስገባቸውም ተባለ። ይሁን፣ በህጉ አንከራከርም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። በዳርፉር እንደ ተባበሩት መንግስታት ግምት 300 ሺህ ያህል ሰው አልቋል። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2009 እና በ2010 የእስር ማዘዣ አውጥቷል፤ የዘር ማጥፋት ክስም አለበት። በዚህ ጉዳይ በሽር አንድም ቀን ለፍርድ አልቆሙም።

ለምን? የሙስናው ክስ የተከፈተው ለዓመታት በሽር ስር ያገለገሉ ጄነራሎች አገሪቱን በያዙበት ወቅት ነው። ቤት ውስጥ የተገኘ ገንዘብ ለእነሱ ምቹ ክስ ነው፤ ተከሳሹ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነዋ! ዳርፉር ከተነሳ ግን ማን አዘዘ፣ ማን አዘመተ፣ ማን መንደር አቃጠለ ሲባል ጣቱ ወደ እነሱ ይዞራል። ጁን 3 ቀን 2019 ካርቱም ላይ በጦሩ ዋና መምሪያ ደጃፍ ተቀምጠው ሲቃወሙ ስለተገደሉት ከመቶ በላይ ሰዎችም መልስ ሊሰጡ ነው።

እነዚያው ጄነራሎች ሳይጠየቁ ቀሩ። በኤፕሪል 2023 ካርቱም ውስጥ እርስ በርስ ተታኮሱ፤ ከሸሸው ህዝብ ከፊሉ በመተማ በኩል እኛው ዘንድ ደረሰ።