ከአምባሰል ማዶ ለመሰማት

የራዲዮ ሞገድን ርዝመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያላሰላ የፊዚክስ ወይም የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ በመካከላችን የለም። ሞገዱን በገዛ እጁ በሠራው መሣሪያ የሰማውስ ስንቱ ነው? ይህን ጥያቄ ለተማሪውም ለመምህሩም እናቀርባለን።

የሐይቅ ልጅ የማይረሳው ወራት አለ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን ባጥለቀለቀ ጊዜ ስልክ ተቋረጠ። ከቤቱ ርቆ ይማር የነበረው የእናት የአባቱን ደኅንነት የሚጠይቅበት አጣ። ያን ጊዜ ጥቂት አማተር ራዲዮ ቢኖር ሁሉ ይቃና ነበር አንልም፤ በጦርነት ራዲዮም ይዘጋልና። ነገር ግን የሕዝብ ግንኙነት በአንድ ክር ብቻ ሲንጠለጠል፣ ክሩ በተበጠሰ ቀን መቀጠል የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በ2007 ዓ.ም. ኔፓል በመሬት መንቀጥቀጥ በተመታች ጊዜ አማተሮች መልእክት ያስተላለፉት አስቀድመው ስለ ተማሩ ነው።

«መሣሪያው ውድ ነው» የሚል ይኖራል። የፋብሪካው በእርግጥ ውድ ነው። አማተሮች «ፒክሲ» የሚሉት መላኪያና መቀበያ ግን ሁለት ትራንዚስተር፣ አንድ ትንሽ የድምፅ ማጉያ ቺፕ፣ አንድ ክሪስታል፣ ጥቂት ሬዚስተርና ኮንደንሰር ነው። በባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ኃይሉ ከ1 ዋት በታች ነው፤ የሚልከውም ንግግር ሳይሆን የሞርስ ምልክት ነው። አንቴናው 20 ሜትር ያህል የመዳብ ሽቦ ነው፤ ይኸውም ከመካከሉ ተቆርጦ በባሕር ዛፍ እንጨቶች ላይ ይወጠራል።

አምባሰልስ አይጋርደውምን? የኤፍ ኤም ሞገድ ቢሆን ይጋርደው ነበር። በ7 ሜጋኸርትዝ ግን፣ ዝቅ ብሎ ከተወጠረ ሽቦ የተነሣው ሞገድ ሽቅብ ወጥቶ፣ በቀን ከአዮኖስፌር ተመልሶ ከተራራው ማዶ ይወርዳል። ሐይቅና አዲስ አበባ በቀጥታ ቢለኩ የሚራራቁት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ለዚህ ዓይነቱ ሞገድ የተመቸ ርቀት ነው። ድምፁ ደካማ ይሆናል፤ ትዕግሥትና የሠለጠነ ጆሮም ይጠይቃል።

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ማዳመጥ ሌላ፣ መላክ ሌላ ነው። ያለ ፈቃድ የሚልክ ተማሪ ራሱንም ባልንጀሮቹንም ይጎዳል። የሞገድ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ መንገዱ በስውር መላክ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው ስም መጠየቅ ነው። ይህም አዲስ ነገር አይደለም፤ በ5 ኪሎ በአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ኢ.ቲ. 3 ኤ.ኤ. የተባለው የክበብ ጣቢያ አለ። እዚያ የተቻለው በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎቻችን ስለምን አይቻልም?

እንግዲህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። መምህራኖቻችን የክበቡን ማመልከቻ በፊርማቸው ይደግፉልን። ቤተ ሙከራው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይከፈትልን። ተማሪውም ለዕረፍት ወደ ሐይቅ፣ ወደ ውጫሌ፣ ወደየአገሩ ሲሄድ በየቤቱ የተጣለውን የተበላሸ ራዲዮ ይዞ ይመለስ፤ ሽቦውም ኮንደንሰሩም ከዚያ ይገኛልና። ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ መቀበያ እንሥራ፤ ሞርስም እንማር። ፈቃዱ በመጣ ቀን ጣቢያው ባዶ ወንበር እንዳይሆን አሁን እንዘጋጅ።