«ትንሽ ጠግቧል» ሲባል ኮምፒውተር ይገባዋል?

ወዳጆቼ፣ በተለይ ኮምፒውተር ሳይንስ የገባችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይቺ ለናንተ ናት።

ቆቦ ሜዳ ላይ ገበሬው በሚያዝያ የሚያሰላውን ሁላችንም እናውቃለን። በልጉ መሬቱን ካጠገበው ደጋሊት ይዘራል፤ ዝናቡ ከዘገየ ግን ቶሎ የሚደርስ የሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ማሽላ፣ ወይ ሐምሌ ላይ ጤፍ። የተማረው ሰው ይሄን «ግምት» ይለዋል። ሎጂክ ነው እንጂ! ያውም ክፍል ውስጥ «እውነት ወይ ሐሰት» እያልን ከምናስተምረው የጠለቀ።

አንደኛ፣ መጠን አለው። ሎትፊ ዛዴህ በ1965 እ.ኤ.አ. ያመጣው ፈዚ ሎጂክ ለእርጥበቱ ከ0 እስከ 1 ቁጥር ይሰጣል። (ፕሮባብሊቲ እንዳይመስላችሁ። «የመዝነብ ዕድሉ 70 በመቶ ነው» እና «መሬቱ 0.7 ጠግቧል» ለየቅል ናቸው።) ደግሞ «ካልሆነ በቀር» አለው። ጌልፎንድና ሊፍሺትዝ በ1988 መሠረቱን የጣሉለት አንሰር ሴት ፕሮግራሚንግ ተቃራኒ መረጃ እስካልመጣ ይወስናል፤ ሲመጣ ውሳኔውን ያነሳል።

ሁለቱን ያጣመሩ ተመራማሪዎች አሉ። ሕጉ «መሬቱ ከጠገበና ጊዜው ካልዘገየ ደጋሊት ዝራ» ይሁን። ጥጋቡ 0.7፣ መዘግየቱ 0.4 ነው እንበል። «አልዘገየም» 0.6 ይሆናል፤ ከ0.7ና ከ0.6 ትንሹን እንይዛለን፣ ደጋሊት 0.6። ቆይቶ መዘግየቱ 0.8 ሲደርስ ደጋሊት ወደ 0.2 ይወርዳል፣ «ደጋሊት ካልሆነ ጤፍ» የሚለው ሕግ ጤፍን 0.8 ያደርሰዋል። አባቶቻችን ያለ ካልኩሌተር የሚሠሩት ይሄንኑ ነው።

ነገሩ ጨዋታ አይደለም። ለገበሬ በስልክ ምክር መስጠት ተጀምሯል፣ 8028ን ታውቁታላችሁ። ነገ ኤአይ ይገባበታል። እኔን የሚያሳስበኝ አዲስ አበባ ተቀምጦ አንድ መስመር የሚያሰምር ፕሮግራም ነው፦ 19 ሚሊ ሜትር ከዘነበ «አትዝራ»፣ 20 ከሆነ «ዝራ»! ስህተት ቢሆን ዓመቱን የሚያጣው ፕሮግራመሩ አይደለም። መጠኑንም ምክንያቱንም አሳዩት። 0.6 ከየት እንደመጣ ካየ «እኔ ጋ እኮ ከጋራው ጎርፍ ጠልፌ አስገባለሁ፣ ይሄ ሕግ የኔን ማሳ አያውቀውም» ብሎ ያርማችኋል።

ክሊንጎ የሚባለው ሶፍትዌር በነጻ ይወርዳል። ነጥብ ያለው ቁጥር ስለማይቀበል 0.7ን 70 ብላችሁ ጻፉት። መጀመሪያ ግን ሕጎቹን ቤት ጠይቁና ኢንቦክስ ላኩልኝ።