በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው መርፌ

በጣራ ገዳም ዙሪያም ሆነ በጉና ሥር፥ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉን ካስቈረጡለት ይድናል የሚል ወላጅ ዛሬም አለ። ሕመሙ በጥቂት ቀን ስለሚለቅ ነገሩ ይረሳል። ነገር ግን ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሕዋስ ያመጣው የጉሮሮ ሕመም በመድኃኒት ሳይታከም ከቀረ፥ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ቁርጥማት አስከትሎ የልብን በሮች ሊያቈስል ይችላል። ልጁ ሐኪም ዘንድ የሚቀርበው አድጎ ዳገት መውጣት ሲያቅተውና እግሩ ሲያብጥ ነው።

ሐኪሙ ከሚያዝዝለት መድኃኒት ሁለቱን እንመልከት። አንደኛው የተጠራቀመውን ውሃ በሽንት የሚያስወጣ፥ እንደ ፉሮሴማይድ ያለ ክኒን ነው፤ እብጠቱን ስለሚያጐድል በሽተኛው ይወደዋል። ሁለተኛው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። ይህኛው ያማል፤ የተበላሸውንም በር አይጠግንም። ሥራው ያው የጉሮሮ ሕመም ተመልሶ ልብን ዳግመኛ እንዳያቈስል መጠበቅ ስለሆነ፥ ጥቅሙ ለዓይን አይታይም። የልቡ በር ለተጐዳ ሰው ዘመኑ ቢያንስ 10 ዓመት ወይም ዕድሜው 40 እስኪሞላ፥ ከሁለቱ የሚረዝመው ነው። በየአራት ሳምንቱ ሲሆን በዓመት 13 ጊዜ፥ በ10 ዓመት 130 ጊዜ መወጋት ነው። ይህን ያልነገሩት ገበሬ ሲሻለው ቢተወው ይፈረድበታልን?

ደግሞስ የት ይወጋ? የጣራ ገዳም ሰው ለአንድ መርፌ አዲስ ዘመን ወርዶ፥ በወረታ ዞሮ ደብረ ታቦር ይውጣ ማለት፥ በእርሻ ወራት አትምጣ እንደ ማለት ነው። ማዘዣው በአቅራቢያው ላለው ጤና ጣቢያ የተጻፈ ይሁን።

እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ነገር አለ። መርፌውን ተወግቶ ወዲያው ሞተ የሚባል ሰው ወሬ ስለሚሰማ፥ አንዳንድ የጤና ባለሙያ ለመውጋት ይፈራል። ፍርሃቱን አናቃልልም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፥ የልብ በራቸው እጅግ የተጐዳ ወይም ልባቸው የደከመ ሕሙማን ከመርፌው በኋላ ሲሞቱ ምክንያቱ ሁልጊዜ የፔኒሲሊን አለርጂ እንዳልሆነ፥ ከሕመሙና ከድንጋጤው የተነሣ የሚመጣውን የደም ግፊት መውረድ ልባቸው አለመቻሉ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ስለዚህ ለእነዚህ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት እንዲታዘዝ፥ ለሌሎቹ መርፌው እንዲቀጥል፥ ተወጊውም አስቀድሞ ውሃ ጠጥቶና ጋደም ብሎ እንዲወጋ ይመክራል። እንግዲህ በሽተኛው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ሳይጽፍ «ይወጋ» ብቻ ብሎ የሚልክ ሐኪም፥ ጭንቀቱን ሁሉ በጤና ጣቢያው ነርስ ላይ መጣሉ ነው።

ማዘዣው በእንግሊዝኛ መጻፉ ለመድኃኒት ቤቱ ይበጅ ይሆናል። ከእርሱ ጋር ግን መርፌው ለምን፥ የት፥ እስከ መቼ እንደሚሰጥና የልቡ ጕዳት ምን ያህል እንደ ሆነ የሚናገር አንድ የአማርኛ ካርድ ይኑር። ቀኑም በእኛ አቈጣጠር ይጻፍ። ወራችን 30 ቀን፥ የመርፌው ግን 28 ነውና፥ በ12 በሚካኤል ዕለት የተወጋ ሰው የሚመለሰው በሚቀጥለው ወር በ10፥ በመስቀል ነው (ጳጉሜን ካልገባችበት)። ከመካከላችን ሕክምና የምታጠኑ፥ የካርዱን ቃል እናንተ አዘጋጁልን፤ ይህን ጋዜጣ የምናባዛበት መኪና ካርዱንም ያባዛል፤ ወረቀቱን ማኅበራችን ይችላል።