ዜዷን አትቆልፉባት

ዋሽንግተን ዲሲ በመጣሁ በሁለተኛው ወር መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀጠርኩ። ሦስት ፎቅ ወደ ምድር የወረደ ቦታ ነበር። በእጅ ማርሽ የሚነዳ መኪና ሲገባ ባልደረቦቼ የሚጠሩት እኔን ነው፤ መንዳት የተማርኩት በአባቴ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ነዋ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ብርቱካንማ ዳትሰን 240ዜድ ይዘው መጡ። ቁልፉን ሲያቀብሉኝ፣ «ማታ ቀዝቅዛ ነው የምታገኛት፤ ቾኩን ሳብላት፣ ማርሹ አጠገብ ነው» አሉኝ።

ማታ ላወጣት ገባሁ። ወንበሩ ወለል ላይ የተቀመጥኩ እስኪመስለኝ ዝቅ ያለ ነው፤ ኮፈኗ ከፊቴ ተዘርግቷል። ቾኩን ስቤ ቁልፉን ሳዞር ሁለቴ አጉረመረመችና ተነሳች። የቤንዚኑ ሽታ ጉለሌ፣ እኛ ግቢ መለሰኝ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ዲኤክሷን ሳስነሳ፣ «አታጣድፋት ልጄ፣ ትሙቅ» ይለኝ ነበር። ዜዷንም አላጣደፍኳትም። ሽማግሌው ስዘገይ ሰዓታቸውን አላዩም፤ ድምፅዋን እየሰሙ ቆመው ጠበቁኝ። በ1972 አዲሷን እንደገዟትና በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ከሚበተንባቸው ወራት በስተቀር አቁመዋት እንደማያውቁ ነገሩኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ስለ ድሮዎቹ የጃፓን ስፖርት መኪኖች ሲወራ አሁን አሁን የሚቀድመው ዋጋቸው ነው። 240ዜድ አሜሪካ ገበያ ስትገባ 3,526 ዶላር ነበረች፤ በ2020 አንዷ በጨረታ 310,000 ዶላር አወጣች። ይህን የሰማ ገንዘብ ያለው ሁሉ ፈልጎ ይገዛና በጨርቅ ሸፍኖ ይቆልፍባታል። እኔ ይህን በደል ነው የምለው። እነዚህ መኪኖች ስም ያወጡት በመሄድ እንጂ በመቆም አይደለም።

ሞተሯን እንይ። ዳትሰንን ይሠራ የነበረው ኒሳን ለዜድ ብሎ ከባዶ አልተነሳም። ዳትሰን 510 የሚባለው የቤተሰብ መኪና ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1.6 ሊትር ሞተር ነበረው። የዜዷ ሞተር የሲሊንደሩ ስፋትም የፒስተኑ ምትም ያው ሆኖ፣ ሁለት ሲሊንደር ተጨምሮበት 2.4 ሊትር የሆነ ነው። የሰፈር መካኒክ ኮፈኗን ሲከፍት ያገኘው የሚያውቀውን ነገር ነበር። ይህችው መኪና የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ላይ፣ በዚያ ጭቃና አቧራ፣ በ1971 አንደኛና ሁለተኛ ወጣች። ኡጋንዳ የተወለደው ሼካር ሜህታ ደግሞ በ1973 በዜድ አሸነፈ፤ እኩል ነጥብ ይዞ የተናነቀውም ሌላ ዳትሰን ነበር። አውሮፓውያኑ ስፖርት መኪኖች ያን ጊዜ በውበትም በፍጥነትም አያንሱም ነበር። ግን ሰኞ ሥራ የሚያደርስ፣ ቅዳሜ ደግሞ ልብ የሚያሞቅ መኪና በዚያ ዋጋ ማን ሰጠ?

ቶዮታም እንዲሁ ነው። በ1983 የወጣችው ኤኢ86 ኮሮላ ናት። የዚያ ትውልድ ኮሮላ አብዛኛው ወደ ፊት ጎማ ሲዞር፣ እሷ እንደ አባቴ ዲኤክስ በኋላ ጎማ መነዳቷን ቀጠለች። ወጣቱን ሁሉ ያሳበደው «ኢኒሻል ዲ» የተባለው የጃፓን የሥዕል ታሪክም ውስጥ፣ ልጁ በዚህች መኪና ተራራ ላይ የሚከንፈው አባቱ የሚሠራውን ቶፉ የሚባል ምግብ እያደረሰ ነው። የዕቃ ማድረሻ መኪና ናት!

ባለፈው ዓመት እዚህ ቨርጂኒያ አንድ የማውቀው ሰው ኒሳን ስካይላይን ጂቲአር አር32 ሊያሳየኝ ጋራዡን ከፈተ። በጃፓን የግሩፕ ኤ ውድድር 29 ጊዜ ተሰልፋ 29ኙንም ያሸነፈችው ዓይነት ናት። ጨርቁን ሲገፍ መጀመሪያ የመጣው የከረመ ቤንዚን ሽታ ነው። ጎማዎቹ አንድ ቦታ ላይ ቆመው መሬት የነካው ጎናቸው ጠፍጥፏል፤ የኋላው ፍሬን ነክሶ ስለያዘ ገፍተን ማንቀሳቀስ አልቻልንም። ኪሎ ሜትሯ እንዳይጨምር ብሎ ነው አራት ዓመት ያልነካት። አዘንኩ፤ በእውነት አዘንኩ።

እንዳትዝግ፣ እንዳትጋጭ ነው የሚሉኝ አሉ። የድሮ ዜድ ዝገት እንደሚበላት አውቃለሁ። ቶዮታ 2000ጂቲን የመሰለች፣ በጠቅላላ 351 ብቻ የተሠራች መኪና ሙዚየም ብትገባ አልከራከርም። ለሌሎቹ ግን መለዋወጫ አለ። ኒሳን ለአር32 ጂቲአር፣ ቶዮታ ለሱፕራ፣ ማዝዳ ለመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 መመረቱ የቀረ ዕቃ እንደገና እያመረቱ ይሸጣሉ። አምራቾቹ ይህን የሚያደርጉት መኪኖቹ መንገድ ላይ እንዲቆዩ ነው። እንግዲያስ ያላችሁ አውጧት፤ ጠዋት አሙቋትና ዳቦም ቢሆን ግዙባት።

ሥራውን እስክለቅ ድረስ ሽማግሌው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡ ነበር። የዜድ ማይል መቁጠሪያ መቶ ሺህ ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በመጨረሻው ቀን ላወጣት ስገባ 412 ይላል። ለሁለተኛ ጊዜ መመለሱ መሆኑን የነገሩኝ ቁልፉን ከእጄ ሲቀበሉ ነው፤ ከዚያ ቾኩን መለሱና ሄዱ።