ግድግዳው ሲያምር ምንጣፉ እንዳይበላሽ

ረመዳን ሊገባ ሲል ወይም ዒድ ሲቃረብ በየሰፈራችን የቀለም ሽታ ይነግሣል። ግድግዳ ይፋቃል፤ ስቱኮ ይለሰናል፤ የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ይቀየራል። ሠራተኞቹ ሂሳባቸውን ተቀብለው ከሄዱ በኋላ ግን እናት በግድግዳው ከመደሰቷ በፊት በምንጣፉ የምታዝንበት ቤት ጥቂት አይደለም። ልጅ ከጅዳ ወይም ከዱባይ የላከው ምንጣፍ ዋጋ ከቀቢው የእጅ ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ምንጣፍ ጌጥ ብቻ አይደለም። እንቀመጥበታለን፤ እንበላበታለን፤ እንሰግድበታለን፤ ሕፃናትም ይድሁበታል። ስለሆነም በዚህ ወር ዓምዳችን ቤት ሲታደስ ምንጣፍና ደረጃ እንዴት እንደሚጠበቁ እንመለከታለን።

ከሁሉ የሚሻለው ማንሣት ነው። የሚነሣ ምንጣፍ ሁሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት አቧራው ተራግፎ ይነሣ። ይጠቅለል እንጂ አይታጠፍ፤ የታጠፈበት ቦታ መስመር ይዞ ይቀራልና። ከተጠቀለለ በኋላ በአሮጌ አንሶላ ሸፍኖ ከወለል ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ማኖር ይገባል። በላስቲክ አፍኖ ለሳምንታት ማስቀመጥ ግን እርጥበት ይይዝና ሻጋታ ያስከትላል።

ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ምን እናድርገው? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን አንድ ላስቲክ ዘርግተን እንረካለን። ላስቲክ ፈሳሽ አያሳልፍም፤ ነገር ግን የተንጠባጠበው ቀለም በላዩ ላይ ሳይደርቅ ይቆይና በጫማ ተይዞ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል። ጨርቅ በበኩሉ ጠብታውን ይመጣል፤ ብዙ ከፈሰሰበት ግን ወደ ታች ያሳልፋል። ስለዚህ ሁለቱን ማጣመር ነው፦ ከታች ወፍራም ላስቲክ፣ ከላይ ሸራ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ። የላስቲኩ ጠርዝ በግድግዳው ሥር በወረቀት ፕላስተር ይያዝ። የመሰላሉ እግር በሚያርፍበት ቦታ የችፑድ ቁራጭ ይቀመጥ። ጋዜጣ ግን አይታመንም፤ ሲረጥብ ይቀደዳል፤ ቀለሙም ምንጣፉን ያጠቁራል። በራሱ የሚጣበቅ የምንጣፍ መሸፈኛ የሚጠቀሙም በላዩ ከተጻፈው ቀን በላይ አያቆዩት፤ ሙጫው ምንጣፉ ላይ ይቀርና ቆሻሻ ይሰበስባል።

የደረጃው ጉዳይ ከንብረትም በላይ ነው። ባለፎቅ ቤት ያላችሁ ቤተሰቦች ይህን ልብ በሉ። በደረጃ ላይ ዝም ብሎ የተነጠፈ ላስቲክ ወይም አንሶላ ያንሸራትታል፤ ሲሚንቶ የተሸከመ የቀን ሠራተኛ፣ ለሱብሒ በጨለማ የሚወርዱ አያት ወይም የሚሯሯጥ ልጅ ሊወድቅበት ይችላል። የደረጃ መሸፈኛ በየእርከኑ ተወጥሮ መያዝ አለበት፤ የተነሣ ጠርዝም መኖር የለበትም። ማታ ማታ ይፈተሽ፤ የላላው እንደገና ይጠበቅ ወይም ጭራሽ ይነሣ። በደረጃው ላይ ባልዲም ሆነ መሣሪያ አይቀመጥ፤ መብራቱም አይጥፋ።

አቧራን በውኃ አትቸኩሉበት። የሲሚንቶና የጅፕሰም ብናኝ ውኃ ሲነካው ይጠጥራል። ሲሚንቶ በተለይ የሱፍ ምንጣፍን ይጎዳል። ስለዚህ መጀመሪያ በደረቁ በማሽን ይሳብ። ሴራሚክና ብሎኬት የሚቆረጠው ከቤት ውጭ ይሁን። የድሮ የዘይት ቀለም የሚፋቅ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይጠብቅ፤ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ይችላልና። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ በደንብ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግድግዳ ብዙ ነው። ብናኙ ምንጣፍ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ የሚድህ ሕፃን በእጁ ነክቶ ወደ አፉ ይወስደዋል፤ አእምሮውንም ይጎዳል። በመሆኑም እንዲህ ያለው ቀለም እየረጠበ ይፋቅ እንጂ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይታሽ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች እስኪጸዳ ድረስ ከክፍሉ ይራቁ።

ቢፈስስስ? የውኃ ቀለም ከሆነ ሳይደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ከዳር ወደ መሐል እየተጫኑ ማስመጠጥ፣ ከዚያም ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና መደጋገም ነው። ማሸት ያሰፋዋል። ለዘይት ቀለም ማቅጠኛው ያስፈልጋል፤ ነገር ግን አስቀድሞ በማይታይ ጥግ ይሞከር፤ መስኮት ይከፈት፤ እሳት ይራቅ። በረኪና የሱፍ ምንጣፍን ይበላልና አይሞከር።

በመጨረሻም ውሉ አስቀድሞ ይነገር። መሸፈኛውን የሚያቀርበው ማን ነው? ቢበላሽ ኃላፊነቱ የማን ነው? ይህ ሥራው ሳይጀመር በግልጽ ይባል። ሳይነጋገሩ ቆይቶ በመጨረሻው ቀን ከቀን ሠራተኛ ደሞዝ ላይ መቁረጥ በደል ነው፤ ላቡ ሳይደርቅ ዋጋው ሊከፈለው የሚገባ ሰው ነውና። ለሠራተኞቹ ጫማ መቀየሪያ ቦታና እርጥብ ጨርቅ በበሩ ላይ አዘጋጁላቸው። በተለይ የመጸዳጃ ቤት ሥራ ካለ በዚያ የተረገጠበት ጫማ የምንሰግድበት ክፍል እንዳይገባ በትሕትና ንገሯቸው፤ በቁጣ ከመናገር ይልቅ ሻይ አቅርቦ ማስረዳት ይሻላል።

ዒዱን ባማረ ግድግዳና በንጹሕ ምንጣፍ ላይ ያድርሰን። ወሰላም።